ሄሊኮፕተሩ ዛፍ ላይ ምን ይሠራል?

ጋሼ ባለፈው ዲሴምበር የሲልቨር ስፕሪንግን ብርድ ሸሽተው ኦርላንዶ እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ሰነበቱ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ልጅ ሆኜ ቤታችን ሲመጡ ግድግዳው ላይ የተንጋደደ ሥዕል ካለ እሱን ሳያቃኑ አይቀመጡም ነበር። «መድፈኛ ስለነበረ ነው» ትል ነበር እናቴ፣ ሁሉም ነገር በዚህ የሚገለጽ ይመስል። በመጡ በሁለተኛው ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ ድንገት ጠየቁኝ።

«ቆይ አንቺ፣ ሥራሽ ግን በትክክል ምንድነው? እናትሽ ‹ኮምፒውተር ላይ ጦርነት ታዋጋለች› ነው የምትለኝ።»

እናቴ ብዙም አልራቀችም። ብቻ እኔ አላዋጋም፤ የሚዋጉትን አስተዋውቃለሁ። አንዱ ድርጅት የታንክ ሲሙሌተር (ታንከኛን በኮምፒውተር የሚያለማምድ ማሽን) ይሠራል፣ ሌላው የሄሊኮፕተር፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ ሻለቃ ጦር ያለ ሰው የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም። በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ የፕሮግራም ቋንቋ፣ አንድ ቀን እንገናኛለን ብለው ጨርሶ ሳያስቡ ነው የተሠሩት። ከዚያ ደንበኛው መጥቶ «ሦስቱም አንድ ኮረብታ ላይ ይዋጉልኝ» ይላል። ኮረብታው ግን ሦስት ነው፤ በየዲስኩ ላይ አንዳንድ አለ። የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሰው ኦርላንዶን የሚያውቃት በዲዝኒ ነው። ለእኛ ለሙያተኞቹ ግን የሲሙሌሽን ከተማ ናት። ሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለው የምርምር ፓርክ የጦር ኃይሎቹ የሲሙሌሽን ቢሮዎችና ለእነሱ የሚሠሩ ድርጅቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አይትሴክ የሚባለው ትልቁ የሙያው ጉባኤም በየዓመቱ እዚሁ ነው የሚካሄደው። እኔም ትምህርቴን ስጨርስ የባንክ ሶፍትዌር የምጽፍ መስሎኝ ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ የታንክ ማማ በሰከንድ ስንት ዲግሪ እንደሚዞር በቃሌ አውቅ ጀመር።

ለጋሼ ከመነሻው ጀመርኩላቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህችን ማስታወሻ ደግሞ ለሥርዓት ያህል እንዳትቆጥሩብኝ፤ ጽሑፉ በሙሉ ስለእሷ ነው ማለት ይቻላል።)

በ1983 ዳርፓ፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም፣ ሲምኔት የሚባል ፕሮጀክት ጀመረ። ሐሳቡን ያመጣው ጃክ ቶርፕ የሚባል የአየር ኃይል መኮንን ነው። በዚያን ጊዜ ሲሙሌተር ማለት እጅግ ውድ የሆነ፣ ለብቻው የቆመ፣ አንድን ሰው ወይም አንድን ቡድን መንዳትና መተኮስ የሚያስተምር ማሽን ነበር። የቶርፕ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰዎቹ መንዳት ያውቃሉ፣ የማያውቁት አብሮ መዋጋትን ነው፤ ታዲያ ርካሽ ሲሙሌተር በብዛት ሠርተን በኔትወርክ ብናገናኛቸውስ? በ1980ዎቹ መጨረሻ የፎርት ኖክስን የጦር ሠፈር ጨምሮ በበርካታ ጣቢያዎች ከ200 በላይ ሲሙሌተሮች ተያይዘው ነበር። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላም የካቲት 26 ቀን 1991 የተካሄደውን 73 ኢስቲንግ የሚባለውን የታንክ ውጊያ፣ የተዋጉትን ወታደሮች አንድ በአንድ ጠይቀው፣ እያንዳንዷን ታንክ በነበረችበት ቦታ መልሰው በሲምኔት ላይ አቆሙት። (ይኸው «የካቲት» ስል ፌብሩዋሪ ማለቴ ነው። አያችሁ?)

ጋሼን የገረማቸው ግን ሌላው ነገር ነው። ሲምኔት ውስጥ አለቃ ኮምፒውተር የለም። እያንዳንዱ ሲሙሌተር ስለራሱ ብቻ ይናገራል፦ «እኔ ታንክ ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ በዚህ ፍጥነት እሄዳለሁ።» የተኮሰው «ተኮስኩ፣ ጥይቴም እዚህ ቦታ ላይ አርፏል» ይላል። መመታቱን ሰምቶ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚወስነው ግን ተመቺው ራሱ ነው።

«ሞቻለሁ ብሎ የሚፈርደው ራሱ ሟቹ ነው?»

«አዎ።»

«እንዲህ ከሆነማ ማን ይሞታል!» ብለው ሳቁ።

ቀልዳቸው የመስኩ የቆየ ራስ ምታት ነው። በእንግሊዝኛ የሚሉት «ፌር ፋይት» ነው፤ እኔ ፍትሐዊ ፍልሚያ እለዋለሁ። የአንተ ማሽን የጉዳት ሠንጠረዥ ከእኔ የተለየ ከሆነ፣ በክህሎት ሳይሆን በሠንጠረዥ ታሸንፈኛለህ። ሠልጣኙም የተሳሳተ ትምህርት ይዞ ወደ ጦሩ ይመለሳል።

ሌላም ብልሃት አለ፣ እኔን እስካሁን የሚያስደስተኝ። ታንኩ በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ ያለበትን ቦታ ቢያውጅ የዚያን ዘመን ኔትወርክ አይችለውም። ስለዚህ ሁሉም የሌላውን ቀጣይ ቦታ ከመጨረሻው መልእክት እያሰላ ይገምታል። ታንኩ ደግሞ ሌሎች ስለእሱ የሚገምቱትን ያንኑ ግምት በጎን ራሱ ያሰላል። እውነተኛው ቦታውና ግምቱ ከተስማማነው ልክ በላይ እስኪለያዩ ድረስ ዝም ይላል፤ ሲለያዩ ብቻ «ኧረ እዚህ ነኝ» ብሎ ያርማቸዋል። ሐሜቱን አስቀድሞ የሚያውቅና ሲበዛ ብቻ የሚያስተባብል ሰው አስቡ።

ይህ አሠራር ተስፋፍቶ ዲስ ተባለ፤ በ1993 አይ-ትሪፕል-ኢ የሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ሆነ፣ ቁጥሩ 1278። ዛሬም በየቤተ ሙከራው ይሠራል። እያንዳንዱ አካል ቢያንስ በየ5 ሰከንዱ «አለሁ» ይላል፤ ለ12 ሰከንድ ድምፁ ከጠፋ ሌሎቹ ከስክሪናቸው ያነሱታል። የአካሉ ዓይነት በሰባት ቁጥር ይጻፋል፤ 1.1.225.1 ብሎ ከጀመረ የአሜሪካ ታንክ ነው፣ 225 አሜሪካ ናትና። የሰዓት ማኅተሙ ደግሞ ከሁሉም ያስቀኛል፤ የሚቆጥረው ሰዓቱ ከሞላ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን ሰዓት ወደ ሁለት ቢሊዮን ገደማ ይሸነሽነዋል፣ ማይክሮ ሰከንድ ድረስ ይጠነቀቃል፤ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። የሐበሻ ሰዓት ከፈረንጁ የሚለየው በድፍን ስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ በዲስ ዓለም ውስጥ እኛና እነሱ ፍጹም እንስማማለን። ከእናቴ ጋር ግን ስልክ በተቀጣጠርን ቁጥር እስከ ዛሬ እንጣላለን።

ዲስ ሁሉንም ለሁሉም ይጮኻል። አካሉ ሲበዛ ጩኸቱ ያፍናል፤ በእውነተኛው ሰዓት ከመሄድ ይልቅ እየፈጠነ ወይም እየዘገየ የሚሄድ ሲሙሌሽንም ጨርሶ አይገባበትም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1996 ኤች-ኤል-ኤ የሚባለውን አርክቴክቸር የጋራ መመሪያው አደረገ፤ በ2000 እሱም የአይ-ትሪፕል-ኢ ደረጃ ሆነ፣ 1516። እዚህ እያንዳንዱ ሲሙሌሽን ፌዴሬት ይባላል፤ ስብስቡ ፌዴሬሽን። (እኛ አገር ቃሉ ምን እንደሚያስነሳ አውቃለሁ፤ ጋሼም ወዲያው «እዚያም አለ?» አሉኝ። አልገባንበትም፤ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ።) በመካከላቸው አር-ቲ-አይ የሚባል ሶፍትዌር ይቀመጣል። የምትሰጠውን ታሳውቀዋለህ፣ የምትፈልገውንም ትነግረዋለህ፤ ሌላው ጩኸት አይደርስህም። አንድ ባሕርይ፣ ለምሳሌ የአንድ ታንክ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ባለቤቱ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤትነቱን ግን ማስረከብ ይቻላል። የጊዜውንም ነገር አር-ቲ-አይ ይይዘዋል፤ ማንም የሌላውን ያለፈ ጊዜ የሚቀይር መልእክት እንዳይልክ ሰዓቱን አብሮ ያራምዳል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፣ ለዓመታት የተሸከምኩት። ኤች-ኤል-ኤ ፕሮግራሙ አር-ቲ-አይን የሚጠራበትን መንገድ ነው የደነገገው፤ በሽቦው ላይ የሚያልፈውን አልደነገገም። ስለዚህ የሁለት ሻጮች አር-ቲ-አይ እርስ በርስ አይነጋገሩም። «ተናባቢ» ነው የተባለው ሥርዓት፣ ሁላችሁም ከአንድ ሱቅ ካልገዛችሁ አይናበብም ማለት ነው። ስንት ሌሊት በዚህ ሰበብ ድልድይ ስጽፍ አደርኩ። በ2025 በወጣው አዲሱ እትም ፌዴሬቱ ከአር-ቲ-አዩ ጋር በኔትወርክ የሚነጋገርበት ፕሮቶኮል ተጨምሮለታል፤ ዘገየ እንጂ ይበል ነው።

አሁን ወደ ሄሊኮፕተሩ ልምጣ። ጋሼ የጠየቁኝን በእውነት የመለስኩላቸው በእሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ድርጅቶቹን አልጠራም። የታንክ ሲሙሌተርና የሄሊኮፕተር ሲሙሌተር በኤች-ኤል-ኤ እናገናኛለን። መሬቱ የፍሎሪዳ ነው፤ ሜዳ፣ ረግረግ፣ የጥድ ዛፍ። የመረጃ ሞዴላችን «ሪፐር» የምንለው፣ የዲስን ትርጉሞች ወደ ኤች-ኤል-ኤ ያመጣው የተለመደው ሞዴል ነበር። በሰኞና ማክሰኞ ሙከራ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። የተላከው ቁጥር ከደረሰው ቁጥር ጋር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ይመሳሰላል። ረቡዕ እውነተኛ ፓይለትና እውነተኛ ታንከኞች አስቀመጥን።

ፓይለቱ ዝቅ ብሎ ከጥዶቹ ጀርባ ተደበቀ። ከመሬት ሰባት ሜትር ያህል ነው፤ በእሱ መስኮት ከፊቱ ቅጠል እንጂ ሌላ አይታየውም። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ተመታ። ደግሞ ሞከረ፤ ተመታ። ሦስተኛው ላይ የራስ ቁሩን አውልቆ «እነዚህ ሰዎች በዛፍ ውስጥ ነው እንዴ የሚያዩት?» አለ። ታንከኞቹ ክፍል ሄጄ ከተኳሹ ትከሻ በላይ ስመለከት፣ ሄሊኮፕተሩ ከዛፎቹ አናት በላይ ተንሳፍፎ ቆሟል፤ ሰማይ ላይ እንደተሰቀለ ፋኖስ። ተኳሹ በዛፍ ውስጥ አላየም። በእሱ ዓለም ሄሊኮፕተሩ አልተደበቀም።

ነገሩን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። በሪፐር ላይ ቦታ የሚላከው በኬክሮስ፣ በኬንትሮስና በከፍታ አይደለም፤ ከምድር እምብርት ተነስቶ በሦስት ዘንግ በሜትር ነው። ኬክሮስና ከፍታን ወደዚያ የሚለውጥ የታወቀ ቀመር አለ፤ የሄሊኮፕተሩ ቡድን ቀመሩን በትክክል ጽፎታል። ቀመሩ የሚፈልገው ከፍታ ግን ከለሰለሰችው የሒሳብ ምድር፣ የወገብ ራዲየሷ 6,378,137 ሜትር ከሆነው ድቡልቡል በላይ ያለውን ነው። እነሱ የሰጡት ደግሞ ሁላችንም በትምህርት ቤት የተማርነውን ነው፦ ከባሕር ጠለል በላይ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የምድር ስበት እኩል ስላልሆነ ባሕሩ ከሒሳቡ ድቡልቡል እዚህ ከፍ፣ እዚያ ዝቅ ይላል፤ በእኛ በፍሎሪዳ ከ25 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ሄሊኮፕተሩ እኛ ዘንድ ሲደርስ ያንኑ ያህል ሜትር ወደ ላይ ተመዞ ይወጣል።

ታዲያ በራሳቸው ቤት ለምን አላዩትም? እዚህ ላይ ነው የምወደው ክፍል። ሁለት ሄሊኮፕተር እርስ በርስ ሲያገናኙ፣ አንዱ በስህተት ይልካል፣ ሌላው በዚያው ስህተት ይቀበላል፤ ስህተቱ ይጣፋል። የእኛ ታንኮችስ? በእነሱ ስክሪን ከመሬት በታች ሃያ ምናምን ሜትር ተቀብረው መታየት ነበረባቸው። ግን የመሬት ተሽከርካሪ ሁሉ የመጣበት ከፍታ ምንም ይሁን ምን በራሳቸው መሬት ላይ እንዲጣበቅ የሚያደርግ ኮድ ነበራቸው። ሁሉም ሰው ያንን ያደርጋል፤ የሁለት ድርጅት መሬት መቼም ልክ ለልክ ስለማይገጥም፣ ታንክ እንዳይንሳፈፍ ተብሎ። ያች ደግ መስመር ታንኮቹን አነሳቻቸው፣ ጥፋቱንም ሸፈነችው። የሚጣበቅበት መሬት የሌለው ሄሊኮፕተሩ ብቻ ተጋለጠ።

ማንም ደረጃውን አልጣሰም። እያንዳንዱ መልእክት ትክክል ነበር፣ አር-ቲ-አዩ አንድም ስህተት አልመዘገበም። አንድሪያስ ቶልክ የሚባል ተመራማሪና ባልደረባው በ2003 ይህን ጉዳይ በደረጃ ከፋፍለው አስቀምጠውታል፤ በሽቦ መገናኘት፣ በቅርጽ መስማማት፣ በትርጉም መስማማት እያለ ወደ ላይ የሚሄድ፣ በኋላ ሰባት እርከን የደረሰ መሰላል። መሰላሉን እወደዋለሁ፣ በስላይድ ላይ ያምራል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን የቱ እርከን ላይ እንደቆምክ የሚነግርህ የለም፤ የምታየው ፋኖስ ነው።

ይህን ስጨርስ ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ወረቀት ሳቡና ጠርዙ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፣ አንዱን ከሌላው በታች፦ 6400፣ 6000።

«ይህን ታውቂዋለሽ?»

አላወቅሁትም።

መድፈኛ ማዕዘን የሚለካው በዲግሪ አይደለም፣ በሚልስ ነው። ጋሼ የተማሩት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ነው፣ በአሜሪካ መሣሪያና በአሜሪካ መጽሐፍ፤ ሙሉ ዙሩ 6400 ሚልስ ነው። በ1977 ጦሩ ወደ ሶቪየት መሣሪያ ሲዞር መድፉ ተቀየረ፤ የሶቪየቶቹ ዙር 6000 ነው። ስሙ ያው፣ ቁጥሩም ሲታይ ያው ዓይነት ቁጥር። ሩሲያዎቹ ሲጽፉ መሐል ላይ ሰረዝ ያስገባሉ፣ 15-00 ብለው፤ በሬድዮ ሲነገር ግን ሰረዝ አይሰማም።

«አንድ ልምምድ ላይ ኮምፓሱ የቀድሞው የአሜሪካ፣ መድፉ አዲሱ የሩሲያ ነበር» አሉ። «ልጁ ኮምፓሱን አይቶ 1500 ብሎ ጮኸ። መድፉ ላይ 1500 ሞላን። ሁሉም ሥራውን በትክክል ሠርቷል።»

በኮምፓሱ 1500 ማለት 84 ዲግሪ ከምናምን ነው፤ በመድፉ ላይ ድፍን 90። ስልኬን አውጥቼ አሰላሁት፤ 6 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 590 ሜትር ይስታል። «ማንን መታ?» አልኳቸው። «ባዶ ኮረብታ። ኮረብታው ግን የእኛ አልነበረም» አሉና ስኒያቸውን አነሱ።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። መቶ አለቃቸው በቀይ ቀለም በየኮምፓሱ ክዳን ላይ «6400» ብሎ አስጻፈ። በቃ። እኛም ከሄሊኮፕተሩ በኋላ ያደረግነው ያንኑ ነው፣ በብዙ ገጽ። የተከፋፈለ ሲሙሌሽን የሚገነባበትን ሂደት የሚደነግግ ሌላ ደረጃ አለ፣ በ2010 የወጣው 1730፤ ሰባት እርምጃ አለው፣ መሐሉ ላይ ደግሞ «ስምምነቶቻችሁን ጻፉ» የሚል ይገኝበታል። ማንም ሊጽፈው የማይፈልግ ሰነድ ነው። ወጣት ፕሮግራመር ስጡኝ፣ አር-ቲ-አይ ከባዶ ለመጻፍ ይሽቀዳደማል፤ «ከፍታ ከምን ተነስቶ?» የምትለውን መስመር ሞልተህ ስድስት ድርጅት አስፈርም ብትሉት ግን በማግስቱ ይታመማል። እኔ ዛሬ አዲስ ፌዴሬሽን ስጀምር ኮድ ከመከፈቱ በፊት ያንን ሠንጠረዥ ነው የማስሞላው፦ ከፍታ ከየት፣ የጉዳት ሠንጠረዥ የማን፣ ዛፍ ጥይት ያቆማል ወይስ አያቆምም፣ ሰዓቱ የየት። ስብሰባው አሰልቺ ነው። ሰዎች ካሜራቸውን አጥፍተው ምሳ ይበላሉ።

ማታ ላይ ጋሼ «እስቲ አሳዪኝ» አሉ። የመሥሪያ ቤቱን ማሳየት አልችልም፤ ቤት ውስጥ ግን ኦፕን-ዲስ በሚባለው ነፃ ላይብረሪ የጻፍኳት መጫወቻ አለችኝ። አንዱ ላፕቶፕ ላይ አንዲት ታንክ አስነሳሁ፣ በሌላው ላይ ዋየርሻርክ የሚባለውን የኔትወርክ መመልከቻ ፕሮግራም ከፍቼ የሚያልፈውን መልእክት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። በየ5 ሰከንዱ አንድ መስመር ይወርዳል። «አለሁ ማለቷ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ጣታቸውን አንድ ቁጥር ላይ አሳረፉ፣ 1.5708።

«ይሄስ?»

«ማዕዘን ነው ጋሼ። የዞረችበት አቅጣጫ።»

«ዙሩ ስንት ነው?»

«6.28። ራዲያን ይባላል።»

የማስታወቂያውን ወረቀት ፈልገው አመጡ፣ ከ6400ና ከ6000 በታች 6.28 ብለው ጻፉ። እስክሪብቶውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«ከሰሜን ተነስቶ ነው?»

«አይደለም፤ ምድር እምብርት ላይ ካሉት ዘንጎች ነው የሚለካው። ሰሜንን ለማግኘት መጀመሪያ የቆመችበትን ቦታ አውቀው ማስላት አለብዎት።»

«ሰሜን የለም?»

«እዚህ ውስጥ የለም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጡት።